ሰየመ፣ አወጣ፣ አለ፣ ቀየረ፦ አዲስ ስም የሚሰጡ ግሶች የት የት ይገባሉ?

ከአራት ኪሎ ታክሲ ይዞ ስድስት ኪሎ የወረደ ሰው፣ በወረቀቱ ስም ከሄድን፣ ከሚያዝያ 27 አደባባይ ተነስቶ የካቲት 12 አደባባይ ደርሷል። ረዳቱ ግን የሚጣራው «ስድስት ኪሎ! ስድስት ኪሎ!» እያለ ነው። «የካቲት 12 አደባባይ የሞላ!» የሚል ረዳት ገና አልተወለደም። አደባባዩ በአንድ ስም ተሰይሟል፣ በሌላ ስም ይባላል። «ተሰየመ» እና «ተባለ» በመዝገበ ቃላት ውስጥ ጎን ለጎን እንደ ተመሳሳይ ቃል ቢቀመጡም፣ አራት ኪሎና ስድስት ኪሎ ላይ እንደሚታየው ሥራቸው አንድ አይደለም።

አማርኛ አዲስ ስም ለመስጠት የሚያገለግል ግስ አያጣም። ሰየመ አለ፤ ስም አወጣ፣ ስም ሰጠ፣ አለ፣ ጠራ፣ ስሙን ቀየረ፣ ለወጠ፣ ተካ፣ መለሰ፣ ለጠፈ አሉ። ዜና የሚጽፍ፣ ቃለ ጉባኤ የሚይዝ ወይም የስልክና የኮምፒውተር ምናሌ የሚተረጉም ሰው ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው አንዱን ለሌላው ሲያውል ነው። ምክንያቱም እያንዳንዱ ግስ ስሙን ማን እንደሰጠ፣ የድሮው ስም ምን እንደሆነና ባለ ስሙ ወዶ ይሁን ተጭኖበት ቀድሞ ይናገራል።

ከ«ሰየመ» እንነሳ። «የ» ጠብቆ ይነበባል፦ ሰየመ፣ ይሰይማል፣ ሰይሞ፣ መሰየም። ስም ሲሆን ስያሜ፣ አድራጊው ሰያሚ። ትልቁ ችግሩ ሁለት ሥራ ደርቦ መያዙ ነው። በግእዝ ስም መስጠት «ሰመየ» ነው፤ መሾም ደግሞ «ሤመ»፣ የእኛው «ሾመ» ዘመድ። የአማርኛው «ሰየመ» ሁለቱንም ተሸክሟል። ለዚህ ነው ፍርድ ቤት «ችሎቱ ተሰየመ» የሚባለው፤ ማንም አዲስ ስም አላገኘም፣ ዳኞች በቦታቸው ተቀመጡ እንጂ። «አጣሪ ኮሚቴ ተሰየመ» ሲባልም ኮሚቴው ስም አላገኘም፣ ተቋቋመ። የአራዳ ልጆች ይህንኑ የችሎት ቃል ወስደው «ማኪያቶ ቤት ተሰይመናል» ይላሉ፤ ቀልዱ የሚሠራው ቃሉ ካባ የለበሰ ስለሆነ ነው።

ስለዚህ አንድ ደንብ መያዝ ይጠቅማል። «ሰየመ» ስም መስጠትን እንዲናገር ከፈለጋችሁ ከፊቱ «ብሎ»፣ «ተብሎ»፣ «ሲል» ወይም «በእገሌ ስም» መኖር አለበት። እነዚህ ከሌሉ አንባቢው ወደ ሹመት ይሄዳል። «ጉባኤው ሊቀ መንበሩን ሰየመ» ቢባል ሰውየው ተመረጠ እንጂ ስሙ አልተነካም። «ቦርዱ አዲሱን ቅርንጫፍ ሰየመ» ደግሞ ከሁለቱም ወገን የለም፤ አንባቢው ቅርንጫፉ ማን ተባለ ብሎ ይጠብቃል፣ ዓረፍተ ነገሩ ግን አልቋል።

ሁለቱ አገባቦችም ይለያያሉ። «መስቀል አደባባይን አብዮት አደባባይ ብሎ ሰየመው» ሲባል የተሰጠው ስም ራሱ ነው የተነገረው። «ትምህርት ቤቱ በእቴጌ መነን ስም ተሰይሟል» ሲባል ደግሞ ስሙ ከማን እንደተወሰደ፣ ማን እንደተከበረበት። በሁለተኛው አገባብ ነገሩን የሚያበላሽ አንድ የትርጉም ስህተት አሁን አሁን እየተለመደ ነው፦ «ከእቴጌዪቱ በኋላ ተሰየመ»። የእንግሊዝኛውን መስተዋድድ («named after» ውስጥ ያለውን «after») ቃል በቃል ገልብጦ ማስቀመጥ ነው። አማርኛ አንባቢ «በኋላ»ን የሚያነበው በጊዜ ነው፤ እቴጌዪቱ ካረፉ በኋላ የተሰየመ ይመስለዋል። «በስማቸው ተሰየመ» ብሎ መጨረስ ነው።

«በሚል ተሰየመ» የሚለውም እንዲሁ ይጎረብጣል። «በሚል» ብቻውን ምክንያት ሲያመጣ ነው የሚታወቀው፦ «ይጠቅማል በሚል ተቀበለው»። ስም ለማምጣት ከሆነ «በሚል ስም» ይባል፤ ከዚያም የሚያጥረው «ተብሎ» ነው። «አዲስ ስያሜ ተሰየመለት» ደግሞ ውኃ በውኃ ነው። ወይ «ስያሜ ተሰጠው»፣ ወይ «ተሰየመ»።

ፊደሉስ? «ሰ» ወይስ «ሠ»? ስም ከመስጠቱ ወገን «ሰ»፣ ከመሾሙ ወገን «ሠ» እያሉ የሚለዩ ጥንቁቆች አሉ፤ መነሻው ከላይ ያየነው የግእዝ ልዩነት ነው። በዛሬው ኅትመት ግን ለሁለቱም «ሰየመ» ነው የሚበዛው። የትኛውንም ምረጡ፣ በአንድ ሰነድ ውስጥ ግን አታደባልቁ። ድምፃቸው አንድ የሆነ ፊደላትን «ሞክሼ» እንላቸዋለን፤ «ሞክሼ» ደግሞ መጀመሪያ ስማቸው አንድ የሆነ ሁለት ሰዎች የሚጠራሩበት ቃል ነው። ለስም መስጫው ግስ ከዚህ የተሻለ አጋጣሚ አይገኝም።

ሞክሼ ካነሳን፣ ስድስት ኪሎ አካባቢ የካቲት 12 የተባሉት አንድ ብቻ አይደሉም። ከ1929ኙ ጭፍጨፋ ሰማዕታት መታሰቢያ አደባባይ ሌላ ሆስፒታሉም የካቲት 12 ነው፤ ቀድሞ ቤተ ሳይዳ፣ ቀጥሎ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ይባል ነበር። የእቴጌ መነን ትምህርት ቤትም በደርግ ዘመን የካቲት 12 ተብሏል። «የካቲት 12 ጋ እንገናኝ» ብሎ መቅጠር የማይበጀው ለዚህ ነው፤ በጽሑፍም «የካቲት 12» ብሎ ማቆም አይበቃም፣ አደባባዩ፣ ሆስፒታሉ ወይም ትምህርት ቤቱ መባል አለበት።

«ሰየመ» ሥልጣን ይፈልጋል። መንግሥት ይሰይማል፣ ጉባኤ ይሰይማል፣ ሲኖዶስ ይሰይማል። «ቡችላዬን ቦቢ ብዬ ሰየምኩት» ያለ ሰው እየቀለደ ነው፤ የምር ከሆነ «ቦቢ አልኩት» ወይም «ስም አወጣሁለት» ይላል።

«ስም አወጣ» የቤት ቃል ነው። ልጅ ሲወለድ አባት፣ እናት፣ አያት ስም ያወጣሉ። በኦርቶዶክስ ቤት ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን ክርስትና ሲነሱ የክርስትና ስም ይጨመራል፤ በሙስሊም ቤት በሰባተኛው ቀን ዓቂቃ ታርዶ ስም ይወጣል። ምሳሌያዊውም አነጋገር «ስምን መልአክ ያወጣዋል» ነው፤ «መልአክ ይሰይመዋል» ያለ አዛውንት አይገኝም። ግሱ ስሙ ቀድሞ የሆነ ቦታ ተቀምጦ የነበረና ከዚያ ተፈልጎ የወጣ ያስመስለዋል፤ ጣፋጭነቱም እዚያ ላይ ነው።

የዚህ ግስ ምስጢር ያለው ጅራቱ ላይ ነው። «ስም አወጡለት» እና «ስም አወጡበት» በአንድ ፊደል ይለያያሉ፣ በትርጉም ግን ሰማይና ምድር ናቸው። በ«ለት» ለጥቅሙ ነው፦ ልጅ ነው፣ ሱቅ ነው፣ ማኅበር ነው። በ«በት» ለጉዳቱ ነው፦ አስተማሪው ላይ ተማሪዎቹ ስም አወጡበት፤ ሰውየው ሰምቶ አይደሰትም። ከዚህ የባሰው «ስም ለጠፉበት» ነው፤ በፖለቲካ ክርክር ደግሞ «ታርጋ ለጠፉበት» ይባላል። «ስም ሰጡት» ከሁለቱም መሐል ቆሞ ገለልተኛ ይመስላል፤ ግን በጋዜጣ «የተለያየ ስም እየሰጡ» ሲባል ከ«በት» ጎራ ነው። በዚህ ቤተሰብ ውስጥ ፈጽሞ መግባት የሌለበት «ስም አጠፋ» ነው። የፋይል ስም መሰረዝ ለማለት «ስሙን አጥፋ» ብሎ ምናሌ ላይ የሚጽፍ ተርጓሚ ተጠቃሚውን ወንጀል እያዘዘው ነው፤ «ስሙን ሰርዝ» ይሻላል።

«አለ» እና «ተባለ» ትንንሽ ይመስላሉ፣ ግን በንግግር የሚበዙት እነሱ ናቸው። በ1879 ዓ.ም. ፊንፊኔ ፍልውኃ አጠገብ የተቆረቆረችውን ከተማ እቴጌ ጣይቱ «አዲስ አበባ» አሏት። «ሰየሟት» ብንል ስህተት አይደለም፤ ነገር ግን «አሏት» ሴትዮዋ ቆመው ሲናገሩ ያሰማል። የሰፈር ስሞች ደግሞ ሰያሚም የላቸው። እሪ በከንቱን፣ ዶሮ ማነቂያን፣ ሠራተኛ ሰፈርን የሰየመ ኮሚቴ አልነበረም። ካዛንቺስ ጣልያን ለመንግሥት ሠራተኞቹ ካሠራቸው ቤቶች «ካዛ ኢንቺስ» የመጣ ነው፤ «ኢንቺስ» ቤቶቹን የሚያሠራው የጣልያን ተቋም ምኅጻረ ቃል ነበር። ፒያሳም በጣልያንኛ አደባባይ ማለት ብቻ ነው፤ ስለዚህ «ፒያሳ አደባባይ» የሚል ሰው «አደባባይ አደባባይ» እያለ ነው። ስለነዚህ ሲጻፍ ትክክለኛዎቹ ግሶች «ተባለ»፣ «ስሙ በዚያው ቀረ»፣ «ስሙ ጸና» ናቸው። «ጣልያኖች አካባቢውን ካዛንቺስ ብለው ሰየሙት» ከተባለ ያልተደረገ ሥነ ሥርዓት ተፈጠረ።

«ተብሎ» አንዳንዴ የስም ለውጡን ሙሉ በሙሉ ውጦ ሌላ ግስ ፊት ይሰለፋል። ደጃዝማች ካሳ ኃይሉ በ1847 ዓ.ም. «ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ» ይባላል። «ስማቸውን ወደ ቴዎድሮስ ቀየሩ» ማለት ንጉሡን የቀበሌ ባለጉዳይ ያደርጋቸዋል። ጳጳስ ሲሾምም እንዲሁ፦ «አቡነ እገሌ ተብለው ተሾሙ»። የስመ መንግሥትን ነገር በጥንቃቄ ካላዩት ደግሞ የታሪክ ስህተት ይወልዳል። ተፈሪ መኮንን በ1923 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው ዘውድ ሲጭኑ «ኃይለ ሥላሴ» አዲስ የወጣ ስም አልነበረም፣ የክርስትና ስማቸው ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በአንጻሩ የክርስትና ስማቸው ሣህለ ማርያም ሆኖ የነገሡት በዓለም ስማቸው ነው። ስለ ሁለቱም «አዲስ ስም ተሰጣቸው» ማለት አያስኬድም። የፈረስ ስም ደግሞ ሌላውን አይተካም፣ ይደረባል፦ አባ ዳኘው፣ አባ ታጠቅ፣ አባ ነፍሶ። ለእሱ የሚስማማው «በፈረስ ስማቸው አባ ዳኘው ይባላሉ» ነው።

አሁን ወደ ዋናው፣ ስም ያለውን ነገር ሌላ ስም ወደ መስጠት። «ስሙን ቀየረ» ያለ ጭነት የሚሠራ ግስ ነው፤ ሌላውን ለመጠቀም ምክንያት ከሌላችሁ እሱን ያዙ። «ስሙን ለወጠ» ብዙ ቦታ አብሮት ይሄዳል፤ ሰው ላይ ሲያርፍ ግን ትንሽ የመደበቅ ሽታ አለው። «ስሙን ለውጦ ገባ» የተባለ ሰው ፖሊስ የሚፈልገው ይመስላል። «ስሙን ቀይሮ ገባ» ይህን ያህል አያስጠረጥርም። በሕግ ጽሑፍ ግን «የስም ለውጥ» የተለመደ ስለሆነ ጥርጣሬው ይጠፋል።

«መለሰ» ወገን ይይዛል። ደርግ መስቀል አደባባይን አብዮት አደባባይ አለው፤ ደርግ ከወደቀ በኋላ «የቀድሞ ስሙ ተመለሰለት»። እዚህ ላይ ማንም አይከራከርም። ስለ አዳማ ስትጽፉ ግን ልብ በሉ። «ናዝሬት ስሟ ወደ አዳማ ተቀየረ» እና «አዳማ የሚለው ስሟ ተመለሰላት» አንዱን ነገር ይናገራሉ፤ የመጀመሪያው ናዝሬትን መነሻ ያደርጋል፣ ሁለተኛው አዳማን። ቢሾፍቱና ደብረ ዘይትም እንዲሁ። ወገን መያዝ ካልፈለጋችሁ «ቀድሞ ናዝሬት ትባል የነበረችው አዳማ» ብላችሁ እለፉ፤ ዓመተ ምሕረት መጥቀስ ካስፈለገ ከሁለቱም ለውጦች በፊት የነበረውን ስም ጨምሩ።

«የቀድሞው» የምትለዋ ቅጽልም ወጥመድ አላት። «የቀድሞው ልዑል መኮንን ሆስፒታል» ሲባል ሆስፒታሉ ራሱ የቀረ ይመስላል፤ ሆስፒታሉ ግን ጥቁር አንበሳ ተብሎ ዛሬም ይሠራል። የቀረው ስሙ ነው። «ቀድሞ ልዑል መኮንን ይባል የነበረው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል» ይረዝማል፣ ግን ማንንም አያሳስትም። ልዕልት ፀሐይና ጦር ኃይሎች፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትርና ብሔራዊ ቴአትር፣ ተፈሪ መኮንንና እንጦጦ ትምህርት ቤት በዚሁ አገባብ ይጻፋሉ። የሕይወት ታሪክ ሲጻፍ ደግሞ ስሙ ከዘመኑ ጋር ይሂድ። በ1958 ዓ.ም. «ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመረቁ» የሚል ዐረፍተ ነገር ዘመን አፋልሷል። ተቋሙ በ1943 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሆኖ ጀመረ፣ በ1954 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተባለ፣ የዛሬውን ስሙን ያገኘው ከአብዮቱ በኋላ ነው። «ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ (ከዛሬው አዲስ አበባ) ዩኒቨርሲቲ» ከተባለ ዲፕሎማው ላይ ካለው ማኅተም ጋር አይጣላም።

ስሙ ብቻ የተቀየረና ተቋሙ ራሱ የተተካ መለየትም ተገቢ ነው። ኢትዮ ቴሌኮም በ2003 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽንን ተክቶ ተቋቋመ፤ «ስሙን ቀየረ» አይበቃውም፣ «ተተካ» ነው። መብራት ኃይልም በ2006 ዓ.ም. ለሁለት ተከፍሎ ኤሌክትሪክ ኃይልና ኤሌክትሪክ አገልግሎት ሆነ። ሕዝቡ ግን መብራት ሲጠፋ የሚረግመው አሁንም «መብራት ኃይል»ን ነው። አዋጆች ራሳቸው ስለ ስማቸው ሲናገሩ ደግሞ «ሰየመ»ን አይነኩትም። አንቀጽ አንድን ገልጣችሁ እዩ፦ «ይህ አዋጅ … ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል።»

ቢሮ ለቢሮ ለሚዞር ሰው ከሁሉ የሚያሳስተው «ስም ማዛወር» ነው። መኪና ወይም ቤት ሲሸጥ «ስም ይዛወራል»፣ «ስም ይዞራል»፤ ንብረቱ አዲስ ስም አያገኝም፣ ባለቤቱ ነው የሚቀየረው። «የቤቱን ስም ቀየርኩ» ብሎ የተናገረ ሰው ውልና ማስረጃ የሚሰለፍ ሊሆን ይችላል፣ በሩ ላይ አዲስ ታቤላ የሰቀለም ሊሆን ይችላል። (ውልና ማስረጃ ራሱ በወረቀት የሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ ነው፤ ሰው አፍ ላይ ግን አልዞረም።) ስለዚህ ለንብረት «ስም አዛወረ»፣ ለድርጅት መጠሪያ «የንግድ ስሙን ቀየረ» ብላችሁ ለዩ።

የግለሰብ ማመልከቻ ላይ ደግሞ ሦስት ጥያቄዎች ይምታታሉ። በልደት ምስክር ወረቀት «ዓለሙ» ተብሎ በፓስፖርት «አለሙ» የተባለ ሰው የሚጠይቀው የስም እርማት ነው። አንዱ ወረቀት በቤት ስሙ ሌላው በትምህርት ቤት ስሙ የወጣበት ሰው «በሁለቱም ስሞች የምጠራው እኔው መሆኔ ይረጋገጥልኝ» ይላል፤ አዲስ ስም አልፈለገም። እስከ ዛሬ ያልነበረ ስም የሚፈልገው ብቻ ነው «የስም ለውጥ» የሚጠይቀው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የቤተሰብ ስምን መለወጥ በቂ ምክንያት አይቶ ፍርድ ቤት የሚፈቅደው ጉዳይ አድርጎታል። ለእርማት የሄደ ሰው በማመልከቻው «ስሜ እንዲለወጥልኝ» ብሎ ከጻፈ ሌላ መስኮት ይላካል። አድራጊውንም ለዩ፦ ባለጉዳዩ ስሙን «አስቀየረ»፣ የፈቀደው አካል «ቀየረ»። «ስሜን በፍርድ ቤት ቀየርኩ» በንግግር ያልፋል፣ በሰነድ ላይ ግን «አስቀየርኩ» ነው የሚጠበቀው።

ቀሪው የስክሪን ጉዳይ ነው። ስልክና ኮምፒውተር ላይ «ዳግም ሰይም» ተለምዷል። ትክክል ነው፣ ግን ይከብዳል፤ ለአንድ ፎቶ የሲኖዶስ ቃል። «ዳግም» ደግሞ ያንኑ መድገም ሊመስል ይችላል፣ ተጠቃሚው ግን የድሮውን ስም ሊጥል ነው የመጣው። «ስም ቀይር» ክፍተቱን ጨምሮ ስድስት ፊደል ቦታ ይይዛል፣ «ዳግም ሰይም» ሰባት፣ «እንደገና ሰይም» ዘጠኝ። አዝራር ላይ አንድ ፊደልም ዋጋ አለው። ቢሮ ውስጥ ሰዉ በአፉ «ሪኔም አድርገው» ነው የሚለው፤ በአፍ ይለፍ። «ቀይር» እና «ሰይም» ወንድን ብቻ ማዘዛቸው ለሚከብዳችሁ «ስም መቀየሪያ» አለ፤ ለማንም አያዝም።

ረጅም ሰነድ ውስጥ የተቋም ስም ስትቀይሩ «ፈልግና ተካ» በአማርኛ እንደ ሌላው ቋንቋ አይታመንም። «ኮርፖሬሽን»ን ፈልጎ «ኤጀንሲ» የሚያደርግ ሰው «ኮርፖሬሽኑ»ን ሳያገኘው ያልፋል፤ መጨረሻው «ን» ሳይሆን «ኑ» ስለሆነ ለማሽኑ ሌላ ፊደል ነው። ሥሩን ብቻ፣ ማለትም «ኮርፖሬሽ»ን ከተካ ደግሞ «ኤጀንሲኑ» የሚባል ጉድ ይወለዳል። የሚሠራው አራት ጊዜ መዞር ነው፦ «ኮርፖሬሽን»ን በ«ኤጀንሲ»፣ «ኮርፖሬሽኑ»ን በ«ኤጀንሲው»፣ «ኮርፖሬሽኖ»ን በ«ኤጀንሲዎ»፣ «ኮርፖሬሽና»ን በ«ኤጀንሲያ»። በሦስተኛው «ኮርፖሬሽኖች»ም «ኮርፖሬሽኖቹ»ም፣ በአራተኛው «ኮርፖሬሽናችን» ይያዛሉ። ከዚያ «ኮርፓሬሽን» ተብሎ በስህተት የተጻፈ ካለ ፈልጉ፤ አለ። «ሁሉንም ተካ» የሚለውን ግን አትጫኑት፣ አንድ በአንድ እያያችሁ እለፉ፤ በሰነዱ ውስጥ የሌላ ኮርፖሬሽን ስም ወይም የድሮ አዋጅ ርዕስ ሊኖር ይችላል፣ እነዚያ መነካት የለባቸውም።

የፋይሉን የራሱን ስም ስትቀይሩ የሚያስቸግረው እዝባር ነው። ዊንዶውስ በፋይል ስም ውስጥ «/»ን አይቀበልም፤ የእኛ ቢሮ አጻጻፍ ደግሞ ያለ እሱ አይሄድም፦ መ/ቤት፣ ወ/ሮ፣ ዓ/ም። ስሙን ጽፋችሁ አልቀበልም ካላችሁ መጀመሪያ እሱን እዩ፤ በነጥብ ተኩት፣ «ወ.ሮ»፣ «ዓ.ም»። ቀኑንም 12/06/2016 ከማለት 2016-06-12 ብትሉት አንድም አይከለከልም፣ ሁለትም ፋይሎቹ በየዘመናቸው ይሰለፋሉ፤ ጳጉሜንም 13 ሆና በቦታዋ ትገባለች። የእንግሊዝኛው ሁለት ነጥብ «:» እንዲሁ ክልክል ነው፤ የግእዙ «፡» ይፈቀዳል፣ ግን ሲታይ አንድ ስለሚመስል በኋላ ፈላጊውን ያደናግራል፣ ባትጠቀሙበት ይሻላል። ሞክሼዎቹ ፊደላት እዚህም ይመጣሉ፦ «የሥራ ውል» ብላችሁ ያስቀመጣችሁትን ባልደረባችሁ «የስራ ውል» ብሎ ቢፈልገው ላያገኘው ይችላል።